ለረሃብ ትርኢት ልብስ ስንመርጥ

ሁለት ሺውን ዓመት ለመቀበል ሰቆጣ ላይ ሰልፍ እንዲደረግ ከላይ በታዘዘ ጊዜ፣ ለመሥሪያ ቤታችን የደረሰው ድርሻ ረሃብን መልሶ ማሳየት ነበር። አባባሉ የእኔ አይደለም፤ የትርኢት ኮሚቴው ሰብሳቢ ስብሰባውን የከፈተበት ቃል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም ከሐሳቡ ባለቤቶች ጋር የተመጣጠነ። አንድ ቡድን የሰባ ሰባቱን ረሃብተኛ መስሎ፣ «ትናንት» የሚል ጨርቅ ከፊቱ አስይዞ በእንግዶቹ ድንኳን ፊት ያልፋል። ሌላ ቡድን ጃንጥላና ሬዲዮ ይዞ «ዛሬ» በሚል ጨርቅ ሥር ይከተላል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ለጭብጨባ የታሰበ ነበር።

ልብሱና ቁሳቁሱ የዘመኑን እውነት የጠበቀ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። ምክንያቱ በታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ ከአዲስ አበባ መመለሴ ነበር። በዚያ ዓመት የት ነበርሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከደሃና ተነሥተው፣ ሰቆጣን አልፈው፣ ወደ ኮረም የእርዳታ መጠለያ ከተጓዙት አንዷ ነበርሁ፤ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ሄጄ ያለ እናቴ ተመለስሁ። ይህን ለኮሚቴው መናገር አላስፈለገኝም። በመሥሪያ ቤታችን የሙያ ብቃት ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ማኅተም ያለው ወረቀት እንጂ የሞተች እናት አይደለችም።

ሰብሳቢው በክረምትም በበጋም ከትከሻው የማይለየው ግራጫ ኮት ነበረው። ሐሳብ ሲያልቅበት የኮቱን እጅጌ ይጠርጋል፤ ስለዚህም እጅጌው ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር። ትርኢቱን እንዲያዘጋጅ የተመደበው ደግሞ ለተማሪዎች ድራማ የሚጽፍ የአማርኛ መምህር ነው፤ ሰው መሬት ላይ ወድቆ ካላለቀሰ ታሪክ የተነገረ አይመስለውም። ሁለቱ እኔን ከመጥራታቸው በፊት ልብሱን ወስነውት ነበር። ከእህል መጋዘን የተሰበሰበ ባዶ ጆንያ፣ አንገትና ክንድ ማስገቢያ ተቀዶለት፣ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ ጠበቀኝ። የለጋሹ አገር ጽሑፍ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ተገልብጧል። መምህሩ አንዱን አንሥቶ በደረቱ ላይ ለካው። ፊቱ ላይ የነበረው ስሜት ልብስ ሰፊ ቤት መስታወት ፊት የቆመ ሰው ስሜት ነው።

ወደ ኮረም በሚወስደው መንገድ ላይ ጆንያ የለበሰ ሰው እንዳልነበረ ነገርኋቸው። ጆንያው የመጣው ከስንዴው ጋር ነው። ስንዴው ቀድሞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ሰዎቹ ከቤታቸው ባልወጡ። ጆንያ የለበሰ ሰው ማለት እርዳታ የደረሰው ሰው ማለት ነው፤ እናንተ ልታሳዩት ከምትፈልጉት ሰው ከወራት በኋላ ያለ፣ በሕይወት የተረፈ ሰው። ይህን ያህል ግልጽ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም፤ አዲስ አበባ ላስተማርኋቸው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችም ቢሆን።

ሰብሳቢው እጅጌውን ጠረገ። «የእኛ ምሁር፣ እንግዶቹ ጆንያ ሲያዩ ረሃብ መሆኑን ያውቃሉ። ሌላ ልብስ ሲያዩ ምን ያውቃሉ?»

«ያኔ ይጠይቃሉ» አልሁት።

«እንዲጠይቁ አይደለም የምንጋብዛቸው» አለ። ካወቅሁት ጊዜ ጀምሮ ከተናገረው ሁሉ እውነት የነበረው ይህ ብቻ ይመስለኛል።

መምህሩ ሊያስታርቀን ፈለገና ጆንያው ላይ የሚደረብ ያረጀ ልብስ ከገበያ እንፈልግ አለ። በገበያው ቀን አብሬው ሄድሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያለውን ድህነት ፍለጋ ብዙ መዞር አላስፈለገውም። ከኒሯቅ በኩል ፍየል ነድቶ የመጣ አንድ ገበሬ አስቆመና የለበሰውን ጋቢ ማመስገን ጀመረ፤ ቀለሙ፣ የተጣፈበት ቦታ፣ ጫፉ ላይ የተንዘረዘረው ክር ሁሉ ልክ እንደሚፈለገው ነው አለው። ገበሬው መጀመሪያ እንደ ምርቃት ሰማው። በጋቢው ምትክ የበዓሉ መፈክር የታተመበት አዲስ ካናቴራ እንደሚሰጠው ሲነገረው ግን ፍየሎቹን ጠጋ አለ።

«ይቺን ካወለቅሁላችሁ ምን ለብሼ ልገባ ነው? ደግሞስ ምን ታደርጉባታላችሁ?»

«የድሮ ሰው ልናሳይባት ነው» አለው መምህሩ፤ ሳያፍር።

ገበሬው ራሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። በቅርብ ጨርቅ ዘርግቶ የተቀመጠ ነጋዴ ይሰማ ኖሮ ሣቀ። «ሽጥለት እንጂ አያ! ድሮ መሆንህን ካወቁልህ ነገ አንተንም ከነፍየልህ ይገዙሃል።» በዙሪያው ያለው ሁሉ ሣቀ፤ ገበሬውም ከመሳቂያነት ለመውጣት ጋቢውን አውልቆ ካናቴራውን ለበሰ። መምህሩ ጋቢውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ሲመለስ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ትክክለኛነት አወራኝ። በዚያ ጋቢ ላይ ትክክል ያልሆነው ባለቤቱ ዛሬም ለብሶት መገኘቱ ብቻ ነበር፤ ይህንን ግን ኮሚቴው በካናቴራ አስተካክሎታል።

ስለ ቀረው ቁሳቁስ ላሳጥር። ውኃ መያዣ ብለው ቢጫ የዘይት ጀሪካን አመጡ፤ እኛ የያዝነው ቅል ነበር። ፊት ላይ የሚቀባ አመድ በባልዲ ተዘጋጀ፤ ረሃብ ሰውን ግራጫ የሚያደርገው በድራማ ብቻ መሆኑን ማስረዳት ሰለቸኝ። መምህሩ ሴቶቹ የሚያወርዱትን ሙሾ ራሱ ቤት እያስመታ በአማርኛ ጻፈው። በዚያ መንገድ ላይ የሰማሁት ልቅሶ ሁሉ በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ እንደ ነበር ስነግረው፣ እንግዶቹ አይገባቸውም አለኝ። ያኔ የመጡትም እንግዶች እንዳልገባቸው መናገር እችል ነበር።

ለ«ትናንት» ቡድን መሪ ሆነው የተመረጡት ጎረቤቴ ነበሩ። ጌሾ እየሸጡ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ የእናቴ ጎጥ አጠገብ የተወለዱ ሴት ናቸው። ቀበሌው የመረጣቸው ቀጭን ስለሆኑ ነው፤ በዚያ ሰሞን መክሳት እንደ ሙያ ይቆጠር ነበር። እምቢ ቢሉ በሚቀጥለው እርዳታ ስማቸው እንደሚዘለል የቀበሌው ሰው በፈገግታ አስታውሷቸዋል። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። አንዲት ልጃቸው ዋናው መንገድ ዳር ቤት ላለው የከተማ ቤተሰብ ታጭታለች። የእጮኛዋ እናት ገና ከመጀመሪያው «እነማን ናቸው?» ብላ በአማላጅ ያስጠየቀች ሴት ናት፤ በሰልፉ ዕለትም ቤተሰቧን ይዛ በራፏ ላይ እንደምትቀመጥ የታወቀ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቡና ላፍላ ብል አልፈለጉም፤ ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ልጄ፣ መቆሙን እቆማለሁ። በጆንያ ግን አታቁሙኝ። በአማቷ ፊት በጆንያ ካለፍሁ፣ ልጄ በዚያ ቤት ዕድሜ ልኳን የጆንያ ልጅ ናት።»

ማዘን የሚጠበቅብኝ ቦታ ላይ ሙያዊ ጥያቄ ጠየቅሁ። «እትዬ፣ እርስዎ ያኔ ምን ለብሰው ነበር የወጡት?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ምን እለብሳለሁ? የሙሽርነቴን ነዋ። አንቺስ እናትሽ ምን ለብሳ ነበር?»

እናቴም የሙሽርነቷን ለብሳ ነበር። ከብቱ አልቆ፣ ሞፈርና ቀንበሩ ሳይቀር ተሽጦ፣ ጥልፍ ቀሚስ የሚገዛ ግን በአገሩ ሁሉ አልተገኘም፤ ሁሉም ሻጭ ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ትተውት እንዳይሄዱ ሌባ አለ። ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሰው አገር፣ በማያውቁት ሰው ፊት፣ ለመለመን የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ፤ ከወደቁም ከፈን የሚያለብሳቸው እንደማያገኙ ያውቃሉ። ስለዚህ ከሁሉ የተሻለውን ለብሰውት ወጡ። ያንን መንገድ በዓይነ ኅሊናዬ ሳስበው የሚታየኝ ሰርግ የሚመስል ረጅም ሰልፍ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ክር፣ መቀነት፣ አቧራ።

ሴትዮዋ ወደ ቤታቸው ሄደው ቀሚሱን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ከአንገቱ እስከ ወገቡ የወረደው የመስቀል ጥልፍ ቀለሙ አልጠፋም፤ ለዓመት በዓል እንኳ እየሳሱለት ቆይተዋል። ጫፉ በሌላ ጨርቅ ተቀጥሏል። ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «የታችኛው ለልጁ ሆነ፤ እዚያው መንገድ ላይ» አሉና አጣጠፉት። የትኛው ልጅ ብዬ አልጠየቅሁም። ከዚያ ጉዞ በኋላ የተወለደችውን ሙሽራ ብቻ ነው የማውቃት።

በማግሥቱ ኮሚቴው ፊት ሐሳቤን አቀረብሁ፤ የ«ትናንት» ቡድን ያለውን የክት ልብስ ይልበስ፣ አቧራውን መንገዱ ራሱ ይሰጠዋል። ሰብሳቢው ረሃብ ነው ወይስ ሰርግ ብሎ ሣቀ፤ አባላቱም የሰብሳቢውን ሣቅ ሣቁ። ስለ ከፈኑ ስነግራቸው ሣቁ ቆመ። ለአፍታ ያህል በሰዎች መካከል የተቀመጥሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መምህሩ ዓይኑ በራና፣ ይህ እጅግ ልብ የሚነካ ነገር ስለሆነ ጆንያ የለበሱት ሲያልፉ በድምፅ ማጉያ ባነበው ምን ይመስልሻል ብሎ ጠየቀኝ። ደደብነት ከክፋት የበለጠ እንደሚያስከፋኝ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚሰማ ጆሮ አለው። ለጎረቤቴ ጆንያው እንደማይቀር ኮሚቴው መወሰኑን ነገርኋቸው። «እሺ» ብቻ አሉ።

በሰልፉ ጧት ጆንያው በየተራ ሲታደል፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መቀነታቸውን ታጥቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«እናታችን፣ ይህ ምንድን ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«በዚያን ጊዜ የለበስሁት ነው። እውነተኛውን ፈልጋችሁ የለ?»

ወደ እኔ ዞረ። በዚህ ሜዳ ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ የዘመኑ የሆነው ይህ ቀሚስ ብቻ መሆኑን፣ ኃላፊነቱ የእኔ ስለሆነም በፊርማዬ እንደማረጋግጥ ነገርሁት።

«እንዲህ አምራ ተርባ ነበር ቢባል ማን ያምናል?» አለና ሰልፉን የሚያስተናብሩትን ልጆች ጠራ። «ወደ ዛሬ ውሰዷት።»

ፊት ለፊት «እናታችን» ያላቸውን ሴት ዘወር ሲል «ውሰዷት» ማለቱን ልብ ብያለሁ። አንዱ ልጅ በእጃቸው ጃንጥላ አስያዛቸው። እኔ ክርክሬን ልቀጥል አፌን ስከፍት ጎረቤቴ አንጓዬን ይዘው በኽምጥኛ ዝም እንድል ነገሩኝ። ተማጽኖ አልነበረም፤ በእናቴ ቋንቋ የተሰጠ ትእዛዝ ነበር።

በእሳቸው ቦታ አንዲት ድንቡሽ ያለች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጆንያ ለብሳ፣ አመድ ተቀብታ፣ መምህሩ ቤት ያስመታውን ሙሾ አወረደች። ከእንግዶቹ መሐረብ ያወጡ ነበሩ። ከዚያ «ዛሬ» መጣ። ጎረቤቴ ከፊት ነበሩ፤ ጃንጥላውን እንደ ድባብ ይዘው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ወደ ማንም ሳይመለከቱ። አስተዋዋቂው የእድገቱን ፍሬ በእናቶቻችን ልብስ ላይ እንድንመለከት በድምፅ ማጉያ ጋበዘን። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ በራፍ ላይ፣ እልልታ ተሰማ። እልል ያለችው የእጮኛው እናት ነበረች።

ሰልፉ ሲበተን ለእንግዶቹ እውነቱን እንደምነግር፣ ካስፈለገም ለበላይ እንደማመለክት ለጎረቤቴ ነገርኋቸው። ሴትዮዋ ጃንጥላውን ሳይመልሱ ይዘውት ነበር።

«ማንን ለመጥቀም?» አሉኝ።

መልስ ነበረኝ። ስለ ሙታን፣ ስለ ምስክርነት፣ ስለ ታሪክ ሥነ ምግባር አዘጋጅቼ የያዝሁት ረጅም መልስ ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ ያለፈችው የእኔም እናት ናትና ተራ መልስ አልነበረም። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ደስታቸው አናደደኝ፤ ሰብሳቢውን ከናቅሁት ባላነሰ በዚያች ሰዓት እሳቸውን ናቅሁ። ይህን ስሜት ዛሬም ለማስዋብ አልሞክርም። ለእንግዶቹ ግን ምንም አልተናገርሁም።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ከተማረ ጎረቤት ጋር መታየት ክብር ስለሆነ ከአማቶቹ ጎን አስቀመጡኝ። የሙሽራው እናት ወርቋን ደርድራ፣ ምግቡን ስትገመግም ቆይታ፣ ወደ ሙሽራዋ እናት ቀሚስ አገጯን ቀሰረች። ያው ቀሚስ ነበር።

«እንደዚህ ያለ ጥልፍ የድሮ ሰው ነበር የሚሠራው። አሮጌ ነው እንዴ? አንቺ ታሪክ ተምረሻል አሉ፤ ታውቂዋለሽ።»

ድምፅዋ ውስጥ በአማላጅ ያስጠየቀችው ያ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበረ። ጎረቤቴ ከወዲያ ማዶ ሳህን ይዘው ቆመው፣ ሰምተው፣ እኔን እየተመለከቱ ነበር።

«አዲስ ነው» አልኋት። «ለበዓሉ ያሠሩት ነው።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ምግቧ ተመለሰች። ስለ ልብስ ትክክለኛነት በዚያ አገር ከሰጠሁት አስተያየት ሁሉ ያለ ክርክር የታመነልኝ ይህ ብቻ ነው።