እብቅ የሞላው ጆንያ

ሰው ሊከስር ሲል ያስታውቃል። ሰላምታው ይረዝማል፣ ሳቁ ይበዛል፣ ድሮ የማይሄድበትን ለቅሶ ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ትልቁን ዕዳ ማንም እንዳያነሳበት ትንንሹን፣ ሰው እያየው፣ ይከፍላል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ቢቸና ሳለሁ ራሴ አድርጌዋለሁ።

ቢቸና ከገበያው ዳር ልብስ እየሰፋሁ ጨርቅ የምሸጥባት ሱቅ ነበረችኝ። ለተማሪዎች ዩኒፎርም አዘዙኝና ጣቃ ጣቃ ካኪ በዱቤ አነሳሁ። ሰፍቼ ስጨርስ ያዘዙኝ ሰዎች ከኃላፊነታቸው ተነስተው ነበር፤ የተተኩት ደግሞ "እኛ አላዘዝንም" አሉ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ባለሀብት መስዬ ኖርኩ። መደርደሪያው ላይ ባዶ ካርቶን ደርድሬ፣ ፊት ለፊቱን ወደ ደንበኛ አዙሬ። በመጨረሻም መርጡለ ማርያም ገበያ ደርሼ እመጣለሁ ብዬ እናቴንና የስፌት መኪናዬን ይዤ በጠራራ ፀሐይ ወጣሁ። ገበያ የሚሄድ ሰው እናቱን ተሸክሞ እንደማይሄድ የገባው አልነበረም፤ ወይም ገብቷቸው አዝነውልኛል። እኔ ግን ሞጣ ገባሁ።

ሞጣ ላይ አራት ዓመት ሰፋሁ። ገንዘብ በቋጠርኩ ቁጥር በአውቶቡስ ቢቸና እየተመለስኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አበዳሪዎቼን አንድ በአንድ ከፍዬ አስፈረምኳቸው። የቢቸና ቀበሌም "ከዕዳ ነፃ ናት" የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጠኝ። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከጸሎት መጽሐፌ ሥር አኖርኩት።

የምሮጠው ለቤት ነበር። የምንኖርባት የቀበሌ ክፍል አንድ አልጋና አንድ የስፌት መኪና ብቻ የምትችል ነበረች፤ እናቴም አርጅታለች። "ሬሳዬ ከቀበሌ ቤት እንዳይወጣ፤ ድንኳን የሚተከልበት ደጅ አድርጊልኝ" ትለኝ ነበር፣ ማታ ማታ፣ ውኃ አቀብዪኝ እንደሚባለው ሁሉ። ቀበሌው ቦታ መራኝ። ደብረ ማርቆስ ያለው ባንክ ደግሞ ለቤት መሥሪያ ለማበደር ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ከዕዳ ነፃ መሆኔን የሚያሳይ ደብዳቤ፣ ከብድሩ ከፊሉን የሚሆን ቅድሚያ ተቀማጭ፣ ሁለት ደመወዝተኛ ዋሶች። አንደኛው ዋስ ተገኘ። ሁለተኛ ለመሆን ቃል የገባልኝ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር። ጋዋኑን የምሰፋለት እኔ ነኝ፤ እናቴንም መርፌ ሊወጋ እየመጣ ሳንቲም አይቀበለንም።

ለተቀማጩ ዕቁብ ገባሁ። ድሬሰሩን ጨምሮ ሃያ ሰው ነበርን፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕቁቡ ዳኛ መጋዘን እንሰበሰባለን። ዳኛው የታወቀ እህል ነጋዴ ነበር። ዕጣ የወጣለት ሰው ከነጋዴዎቹ ዋስ ጠርቶ ነው ገንዘቡን የሚወስደው፤ የቢቸናው ወሬ ቀድሞኝ ስለገባ ግን ለእኔ ዋስ ልሁን የሚል ነጋዴ አልተገኘም።

"እንግዲህ አንቺ የመጨረሻዋ ሁኚ፤ ዕጣ ውስጥ አትገቢም። ያኔ ዋስም አያሻሽ" አለኝ ዳኛው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እሺ አልኩ። እነሱ እኔን ለአንድ ሳምንት እንኳን ማመን አይጠበቅባቸውም፤ እኔ ግን ሁሉንም አሥራ ዘጠኝ ሳምንት ላምናቸው ነው። አንድም እሑድ አላጎደልኩም።

ዘመኑ ለእህል ነጋዴ ክፉ ነበር። መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ኮታ ይወሰድበታል፣ የቀረውን ኬላ ላይ ይቀሙታል። ከዕቁብተኞቹም ዕጣቸውን የበሉት መዋጮውን ማዘግየት ጀመሩ፤ የጎደለውን ዳኛው ከኪሱ እየሞላ ያስረክባል። አራት እሑድ ሲቀረን ወንበር አጣሁና ከግድግዳው ከተደረደሩት የጤፍ ጆንያዎች አንዱን ተደገፍኩ። ጤፍ የሞላው ጆንያ ሲደገፉት እንደ ግንብ ነው። ይህኛው ግን ተንኮሻኩሾ ከጀርባዬ ሰመጠ። እብቅ ነበር።

ቀና ስል ዳኛው እያየኝ ነው። ሳቀና የእናቴን ጤና ጠየቀኝ፤ በዚያች ጠዋት ሲጠይቀኝ ሦስተኛው ነው። የእኔው ባዶ ካርቶን ነው እኮ፣ ስሙን ለውጦ።

ብናገር ዕቁቡ ያን ቀን ይበተናል፤ ዕጣ ያልደረሳቸው ደግሞ እኔና ጥቂት ሰዎች ብቻ ነን። የሰመጠውን ጆንያ በእጄ አቃናሁት። አራት እሑድ ብቻ እንዲቆምልኝ ለራሱ እንኳን የማይጸልየውን ጸሎት ጸለይኩለት።

ሁለት እሑድ ሲቀር የቀረነው ድሬሰሩና እኔ ነበርን፤ የሚቀጥለው እሑድ የእሱ፣ የመጨረሻው የእኔ። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ከቤቴ ድረስ መጣ። ወደ ሰሜን ግንባር ቁስለኛ ሊያክም ታዟል፤ ሐሙስ ይሄዳል። የሁለቱንም እሑድ መዋጮ አስቀድሞ ከፍሏል።

"እትዬ፣ ዕጣዬን እርስዎ ይቀበሉልኝ ወይስ እስክመለስ ዳኛው ጋ ይቆየኝ? ሰውየው ሁኔታው ደስ አላለኝም። እርስዎ አንድ ቀን አላጎደሉም፤ እርስዎን ነው የማምነው" አለኝ።

ከቢቸና ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህችን ቃል ለመስማት ነበር አራት ዓመት አንገቴን የደፋሁት።

"እሱ ጋ ይቆይህ፤ ምንም አይሆንም" አልኩት።

የሰው ገንዘብ ይዤ አንድ ነገር ቢፈጠር ስሜ ይጠፋል ብዬ ነው ስል ራሴን አጽናናሁ። ውሸት ነው። የድሬሰሩ ገንዘብ ከወጣ ዳኛው የእኔን የሚሞላበት ነገር እንደማይኖረው አውቄያለሁ። አውቄ ነው ያልኩት።

በእሱ እሑድ ዳኛው ገንዘቡን ሁላችንም ፊት ቆጠረና "የማስርበት ነገር ስጡኝ" አለ። ከዘንቢሌ ካኪ ቀድጄ አቀበልኩት። አሥሮ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው።

በእኔ እሑድ ስምንት ሰው ሳይመጣ ቀረ። ዳኛው ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ የተዋጣውን ሰበሰበ፣ ጓዳ ገባ፣ ሙሉውን ይዞ ወጣ። ከመካከሉ ያለው ጥቅል በካኪ ቅዳጅ የታሰረ ነበር። የመጡት መረቁኝ፣ "ይኸው ታግሰሽ በላሽ" አሉኝ። ፈረምኩ። በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ባንክ አስገባሁት። ቅዳጁን መስኮቱ ጋ ስደርስ ፈታሁትና ቀሚሴ ኪስ ከተትኩት።

በዚያው ሳምንት መጋዘኑ ሳይከፈት ዋለ። በማግሥቱ የቀበሌ ጥበቃዎች ገንጥለው ሲገቡ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ወደ መንገዱ ጎተቱ፤ ነፋሱ እብቁን እስከ እኛ ደጅ አደረሰው። ዳኛው የዓባይን ድልድይ ተሻግሯል ተባለ። ሰው ሲራገም እኔም አብሬ ተራገምኩ።

ድሬሰሩ በሦስተኛው ወር ተመለሰ። ከስቷል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቷል። እቤቴ መጥቶ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ መስፋቴን አላቆምኩም።

"እትዬ፣ ጠርጥረውት ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ" አልኩ፣ ለመኪናዬ።

"እሱማ፤ ቢያውቁ ይነግሩኝ ነበር። እንኳን እርስዎን ሳይበላዎት ሄደ።"

እናቴ ከአልጋዋ ሆና መረቀችው። አፌን ከፈትኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፣ ዘጋሁት። ገንዘቡ ባንክ ገብቷል፤ የቤቱ መሠረት ተቆፍሯል፤ የቀረኝ ሁለተኛው ዋስ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ማስላቴን ነው እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር ያላልኩት።

"ባንክ መቼ ነው የምንሄደው?" አለኝ። "ቃሌ እኮ አለ።"

ማክሰኞ አብረን ደብረ ማርቆስ ወረድን። የትኬቱን ልክፈል ብለው እንቢ አለኝ። የባንኩ ሠራተኛ ተበዳሪዋ ባትከፍል ከደመወዙ እንደሚቆረጥ አንብቦለት "ያውቋታል?" ሲል ጠየቀው።

"በደንብ" አለ።

ስሙን ከነአባቱ ጽፎ ፈረመና ብዕሩን ለእኔ አቀበለኝ።