የሳሳው ቀይ ቀለም

ቡራዩ፣ አሁን የምኖርበት ሰፈር መታጠፊያ ላይ መኪና የሚያጥቡ ልጆች አሉ። ከትናንት ወዲያ በዚያ ሳልፍ አንዱ የመኪና ሰም ቆርቆሮ ከፈተ። ጋዝና ሻማ የተቀላቀለ የሚመስለው ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ እግሬ አልራመድ አለኝ። የሰበታው ግቢያችን መጣብኝ። አባቴ መጣብኝ።

አባቴ የፋብሪካ ሾፌር ነበር። እኔ ሳልወለድ የገዛት አንዲት ቀይ መኪና ነበረችው። ቀይ እላለሁ እንጂ ፀሐይና አቧራ ተፈራርቀውባት ጣሪያዋም ኮፈኖዋም የሸክላ መልክ ይዘው ነበር። አባቴ ጡረታ ወጥቶ፣ እኔም ትምህርት ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ፣ መስቀል አልፎ ሰማዩ የጠራ ሰሞን ቁርስ ላይ ሳለን "ልሸጣት ነው" አለ። "ቤንዚኑ አልተቻለም። ግን እንዲህ ጠውልጋ ከቤቴ አትወጣም።"

እናቴ ቀና ብላ አየችውና ሻይ ቀዳችለት።

አስፋልቱ ዳር ወዳለው የመለዋወጫ ሱቅ አብረን ሄድን። መኪናዋ ግቢ ቆማ በእግራችን መሄዳችን ያኔ አልገረመኝም። ባለሱቁ አባቴን ያውቀዋል። "አካም ጂርቱ ጋሼ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶት ያለውን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደረደረለት። አንዱ ፈሳሽ ነው፤ ቀብተው ጠረግ ሲያደርጉት ወዲያው ያብለጨልጫል። አባቴ አሽትቶ መለሰው። "ይሄ ቅባት ነው፤ አንድ ዝናብ አይችልም።" ሌላው ሻካራ ሊጥ ይመስላል፤ የሞተውን ቀለም ፍቆ ከሥር ያለውን ያወጣል። እሱን በጣቶቹ መሐል አሸት አሸት አደረገና ጣሳውን ወደ እኔ ዘረጋ።

"አንብቢልኝ።"

ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ ነው ብዬ አነበብኩለት።

"ሻካራውን ቀስ ብለው ነው ጋሼ" አለ ባለሱቁ። "የአሮጌ መኪና ቀለም ስስ ነው። ከዚያ ለስላሳውን ፖሊሽ ያስከትሉ፣ መጨረሻ ላይ ሰሙን።"

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን አጥበን አደረቅናት። እኔ በሮቹን ያዝኩ፣ አባቴ ኮፈኖውን። ያረጀ ካናቴራውን ጠቅልሎ እያዞረ ሲፈትግ የጨርቁ ድምፅ እስከ አጥሩ ይሰማ ነበር። የባሕር ዛፉ ጥላ ከላያችን ሲሸሽ፣ ውሃ ልሰጠው ጠጋ አልኩ። የያዘው ጨርቅ ደም የነካው ይመስል ቀልቷል። ኮፈኖው መሐል ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀለሙ አልቆ ከሥሩ ያለው ግራጫ ወጥቷል። አባቴ ግን እዚያው ላይ ይፈትጋል።

"እስቲ እይልኝ" አለኝ። "ፊትሽ ይታይሻል?"

ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን የተላከው ለእኔ አልነበረም፤ ከትከሻዬ አለፍ ብሎ ላለው አየር ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃው በእጄ ላይ ፈሰሰ።

"ይታየኛል፣ አባዬ።"

"ስገዛት እንደዚያ ነበረች" አለ፣ ደስ ብሎት።

እጁን ይዤ ወደ ዳር ወሰድኩት፤ "ይሄኛው በቃው፣ ወደዚህ ና" ብዬ። እስከ ከሰዓት አብረን ለስላሳውን ቀባን፣ ሰሙን ቀባን። ከዚያች ግራጫ ቦታ በቀር መኪናዋ በእውነት በራች። ልብ የሚሰብረውም ይኸው ነው፤ ያን ያህል አምራ አይቻት አላውቅም፣ እሱም አላያትም።

ኩሽና ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን አላቋረጠችም።

"አውቃለሁ" አለች። "ራሱ እስኪነግረኝ እየጠበቅሁ ነው።"

ገዢው በማግስቱ ከተፍኪ የመጣ ነጋዴ ነበር። መኪናዋን እያደነቀ ዞረና ኮፈኖው ጋ ቆመ። "አባባ፣ እዚህ ጋ ተልጧል እኮ። ምን ነክቶት ነው?"

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ወደ አባቴ ጠጋ አልኩ። አባቴ በእጁ እየዳሰሰ ሄደ፣ ሄደ፣ ቦታው ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ስወለውል አላየሁትም። ዓይኔ አያይም።"

ከአፉ ሲወጣ የሰማነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። "ምንም አይደል አባባ፣ ምንም አይደል" አለ፤ ስለ ቀለሙ ሌላ ቃል ሳይናገር ወሰዳት።

አባቴ መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ በጆሮው ተከተላት። አስፋልቱ ላይ የአንድ የጭነት መኪና ጩኸት ድምጿን ዋጠው፤ እሱ ግን ፊቱን ወደዚያው አቅንቶ ቆመ። እናቴ ወደ ውስጥ ገባች፣ ማልቀሷን እንዳይሰማ።

"አለሽ?" አለኝ።

"አለሁ።"

እጁን ወደ አየር ሰደደ። ሄጄ ትከሻዬን ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የሄደው ያንን ትከሻ ይዞ ነው።

"መጨረሻ ጥርት ብለሽ የታየሽኝ ክረምቱ ሳይገባ ነበር" አለኝ። "ሹሩባ ተሠርተሽ። አሁንም አለሽ?"

"ፈትቼዋለሁ፣ አባዬ። ቆይቷል።"

"እሺ" አለ። መዳፉ ገና የሰሙ ሽታ አለው። ፀጉሬን ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ፣ ቀስ ብሎ፣ ዳሰሰው።