የሎርን ገበታ

ኔቲ ካልማኮፍና እኔ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረን አሥራ ስድስት ዓመት ሠርተናል። አንሶላ ስናጣጥፍ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ እየያዝን ስንጨዋወት ነው የኖርነው። ይህንንም ታሪክ አብዛኛውን ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት፤ መጨረሻውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከተማችን ሃርሎ ክሪክ በሁለት ተራሮች መሃል የተወሸቀች ናት። የበረዶው ወራት ሲገባ ሰዉ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን አጥልቆ ጫካ ይወጣል። ኔቲና ባሏ ሎርንም እሑድ እሑድ ይወጡ ነበር። ከጫካው መሃል ዛፍ የሌለበት፣ ፀሐይ የማያጣው ሜዳ አለ። ያገኘው ሎርን ስለሆነ ሁላችንም «የሎርን ገበታ» እንለዋለን። አሥራ አንድ ዓመት ምሳቸውን እዚያ በሉ። ሎርን ልቡን ታሞ ከሞተ በኋላ ደግሞ ኔቲ ከታላቅ ወንድሙ ከኢላይ ጋር መውጣቷን ቀጠለች። ኢላይ ከጣውላ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ ቃሉ አጭር፣ ቀልዱ መራራ ሰውዬ ነው።

አምና በታኅሣሥ ከጎረቤት ሸለቆ ሁለት ወንድማማቾችን የበረዶ ናዳ በላቸው። ኔቲ ያን ጊዜ ደንግጣ ስለ በረዶ ናዳ ለሚሰጥ የሁለት ቀን ትምህርት ተመዘገበች። አስተማሪዋ ግሌንዳ ናት፤ ከአውራ ጎዳናው በላይ የሚከመረው በረዶ መንገደኛ ላይ እንዳይናድ ስትከታተል ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት። «ሰው እግሩን ያያል፤ እናንተ ሽቅብ እዩ» አለቻቸው። የቆሙበት ሜዳ ቢሆንም ከላይ ያለው ቁልቁለት እንደ ቤት ጣሪያ ያዘነበለ ከሆነ፣ ናዳው ሲወርድ የሚያርፈው እነሱ ላይ እንደሆነ ነገረቻቸው። ቀጥላ የዛፎች ፎቶግራፍ አሳየች። በተራራው በኩል ያለው ቅርንጫፋቸው ተገሽልጦ በቁልቁል በኩል ብቻ የቀረላቸው ዛፎች ናቸው። ናዳ እየተመላለሰ የገሸለጣቸው ናቸው አለች።

ኔቲ እዚያ ላይ እርሳሷ ቆመ።

በማግስቱ ሥራ ላይ አንዱን አንሶላ ሦስት ጊዜ ስታጣጥፍ አየሁና ምን ሆንሽ አልኳት። «ሎርን ጃኬቱን የሚሰቅልበት ዛፍ» አለችኝ፣ «በላይኛው በኩል ቅርንጫፍ የለውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ።»

ተሳስቼ ይሆናል ብላ እሑድ ከኢላይ ጋር ወጣች። ሦስት ቀን በረዶ ጥሎ ነበር፤ ነፋሱም አላባራም። ሜዳው ጋ ሲደርሱ ሽቅብ አየች። ከዛፎቹ አናት በላይ ልሙጥ ነጭ ቁልቁለት ተዘርግቷል፤ ከጫፉ ሥር ነፋሱ የከመረው በረዶ አብጦ ተንጠልጥሏል። አንድ እርምጃ ስትራመድ ከስኪዋ ሥር በረዶው እንደ ከበሮ ድም ብሎ ዝቅ አለ። ግሌንዳ ይህን ድምፅ ከሰማችሁ ቦታውን ልቀቁ ብላቸው ነበር።

ኢላይ ቦርሳው ላይ ተቀምጦ የሾርባውን ፔርሙዝ ከፍቷል።

«ኢላይ፣ ተነስ። እዚያ ትልልቆቹ ዛፎች ውስጥ ገብተን እንብላ።»

«ሁለት ቀን ተምረሽ ፕሮፌሰር ሆንሽብን?»

ቁልቁለቱን አሳየችው። እሱ ግን ቁልቁለቱን ትቶ እሷን ነው ያየው።

«እንግዲያው ወንድሜ ቂል ነበር በይኛ። ሚስቱን አሥራ አንድ ዓመት መቃብር ላይ አስቀምጦ ሲያበላት ኖረ በይኛ።»

እሷም ሳምንቱን ሙሉ ስታስበው የሰነበተችው ይህንኑ ነበር። «እሱም አላወቀም፣ እኔም አላወቅሁም። አሁን ግን አውቄያለሁ» ብላው ብቻዋን ወደ ዛፎቹ ሄደች።

አንዱን ግንድ አቅፋ ሲበላ አየችው። ናዳ ቢቀብረው ልትቆፍርበት አካፋዋን አውጥታ እጀታውን ገጣጠመች። ኢላይ ሆን ብሎ ቀስ እያለ ሾርባውን ጠጣ፣ ዳቦውን ቆረሰ፣ ፖም ላጠ። ላይ ነፋሱ በጮኸ ቁጥር ቀና ብላ ቁልቁለቱን ታያለች። «ታውቂያለሽ» አለችኝ ኋላ፣ «ናዳው ቢመጣ ሮጬ እቆፍረዋለሁ ወይስ እሸሻለሁ? አላውቅም ነበር። ከናዳው ይልቅ የፈራሁት ይህን አለማወቄን ነው።»

ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆመች። ምንም አልመጣም። ኢላይ ፍርፋሪውን አራግፎ ተነሣና መጥቶ የፖሙን ግማሽ ሰጣት። ከዚያ ወረዱ። ሰኞ ስታወራኝ እኔም ሳቅሁባት፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ከዚያ እሑድ በስምንተኛው ቀን ግሌንዳ ለኔቲ ደወለች። ናዳው ወርዷል፤ መቼ እንደወረደ ግን ያየ የለም። ሦስታችን፣ ኔቲና ኢላይና እኔ፣ ከማዶ ካለው መንገድ ላይ ቆመን አየነው። ሜዳው የለም። ከቤት የሚበልጥ የበረዶ ክምር፣ በመሃሉ እንደ ክብሪት እንጨት የተሰባበረ ግንድ ብቻ። ኔቲ ክንዴን ጨመቀችኝ። እሷ ተጠግታ የቆመችባቸው ትልልቅ ዛፎችም ወድቀዋል። ደህና ቦታ ነው ብላ የመረጠችው እንኳ አልበቃም ነበር።

ኢላይ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሎርን ቂል አልነበረም» አለ።

«አልነበረም» አለች ኔቲ። «ዕድለኛ ነበር። እኛም እንደዚያው።»

በየካቲት ኢላይ በስልሳ ሰባት ዓመቱ ትምህርቱን ተመዘገበ። ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ግሌንዳን ሲከራከራት ዋለ አሉ። ኔቲ ግን እስከ መጋቢት ስኪዋን አልነካችም። ከዚያ አንድ እሑድ ከእኔ ጋር ወጣች፤ ከላዩ ምንም ተራራ በሌለው፣ በወንዙ ዳር ባለው ደልዳላ ጫካ። የጎመን ሾርባዋን ስትጠጣ ዓይኗ ሽቅብ ነበር። ተቀመጪ አልኳት፤ እምቢ አለች። ቆማ በላች።