አንድ ጉርሻ ያጣላል

ባሌን ጠልቼው ነበር። «ተቀይሜው ነበር» እያልኩ አላሽሞነሙነውም። ለእህል ንግድ አቦምሳ ሲመላለስ ያመጣውን አምጥቶ አካፈለኝ። እሱ የኤችአይቪ መድኃኒቱን መጋዘን ደብቆ እየዋጠ ፊቱ ሲወዛ፣ እኔ በንዴት የራሴን እየተውኩ መነመንኩ።

አሰላ የምከታተልበት ክሊኒክ ያለችው ነርስ ተቆጣችኝ። «እንዲህ ካቆራረጥሽው ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለማመደዋል፤ ኋላ አልቅሰሽ ብትመጪም አይሠራልሽም። ቤት ውስጥ የሚያውቅልሽ ማነው?» ከሱ በቀር ማንም አልነበረም። «እንግዲያው በእጁ ይስጥሽ፤ ስትውጪም ይይሽ» አለችና አስጠርታ አስማለችው።

«በእጁ» ያለችውን እንዳለ ያዘው፣ የኔ ጉድ! እናቱ ከኢተያ መጥተው ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እሳቸው ማወቅ የለባቸውም። ስለዚህ ክኒኑን ጭኮ ውስጥ፣ በቅቤ በታሸው የገብስ ዱቄት ጠቅልሎ፣ ማታ ማታ በፊታቸው ያጎርሰኛል። ጠዋት ስንሰዳደብ የዋልን ሰዎች! ሳላላምጥ ስውጠው እንባዬ ይመጣል።

«ማሻአላህ!» ይላሉ አማቴ። «ድገማት እንጂ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ባዶውን ጭኮ ይደግመኛል። ጣቱን ብነክሰው ደስ ባለኝ። ሰውነቴ ግን ተመለሰ፤ ይኼም አናደደኝ።

አንድ ቀን የወንድሙ ሚስት ሹክ አለችኝ። ባሌ ለወንድሙ «በሽታውን ያመጣችብኝ እሷ ናት» ብሎታል። ደሜ ፈላ። ማታ እጁን ሲዘረጋልኝ አፌን ገጠምኩ።

«እባክሽ» አለ ቀስ ብሎ።

«ካንተ እጅ ከምጎርስ ሞቴን እመርጣለሁ!» እጁን ስገፋው ጭኮው ምንጣፉ ላይ ወድቆ ፈረሰ፤ ነጩ ክኒን ተንከባለለ።

«እማ፣ የራስ ምታት ክኒን ነው» አለ እየተንተባተበ።

«ዝም በል!» አማቴ ክኒኑን አንስተው በሻሻቸው ጠረጉት። «ሚስቱን ሲያጎርስ ጉሮሮዋን የሚያይ ባል የት አገር ነው? ጭኮውንስ የማሸው እኔ አይደለሁም? ድገማት የምልህ ለምን መሰለህ? የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ ጉርሻ አይባልም።»

ይህን ሁሉ ጊዜ አውቀው! እሳቸውንም ልጠላቸው ቃጣኝ። ክኒኑን በአዲስ ጭኮ ጠቅልለው አፌ ላይ ደቀኑት።

«ልጄ ቢያስጠላሽ እውነትሽን ነው፤ እኔንም አስጠልቶኛል። በሱ እልህ ግን አትሞቺም። ሊቂምሲ! ዋጪው ብዬሻለሁ!»

ዋጥኩት።

«ሁለተኛውን እሱ ይድገምሽ?»

«አልፈልግም።»

«እንግዲያው ተጣሉ» አሉና የጭኮውን ሳህን ከፊቱ አነሱት።

ከዚያ ወዲህ በየማታው ከሳቸው እጅ እጎርሳለሁ። አንድ ብቻ።