የእትዬ ቻምኒያን እግር

ሶንክሊን ላምፓንግ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ የእግር ማሳጅ ቤት የምትሠራው እግር ስለምትወድ አይደለም። የወርቅ ሌባ ልጅ የተባለችን ሴት ቤቱ አስገብቶ ዕቃውን የሚያምናት ሰው ስለጠፋ ነው። እግር ደግሞ ማንም አይሰርቅም።

እናቷ ቡዋላይ ልብስ አጣቢ ነበረች። ልብስ የምታጥብላት የወርቅ ቤት ባለቤት፣ እትዬ ቻምኒያን፣ ሐብሏ የጠፋባት ዕለት ገበያ መሀል አንበርክካ፣ በሰው ፊት አስፈተሸቻት። ሐብሉ በኋላ ከራሷ ከእትዬ አልጋ ሥር ተገኘ፤ ለሶንክሊን በጆሮዋ የነገረቻት የእትዬ የቤት ሠራተኛ ናት። እትዬ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሌባ ብላ ለመጮህ አደባባይ ወጣች፣ ተሳስቻለሁ ለማለት ጓዳው እንኳ ጠበባት! ቡዋላይ ስሟ እንደ ጎደፈ ሞተች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሶንክሊን ያን ስም የምታጥብበትን ቀን ስትጠብቅ ኖረች።

አንድ ቅዳሜ ያቺው እትዬ ጉልበቷን እየደገፈች ማሳጅ ቤቱ ገባች። ቤቱ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ነገር ደግሞ ሀብታምም ይወዳል። ዝቅ ያለው ወንበር ላይ ተዘርግታ እግሯን ጠጅ ሣር የተነከረበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተተች። አጠገቧ ዓሣ ሻጯ ላማይ እግሯን እያሳሸች ነበር።

በወጉ መሠረት ሠራተኛዋ የደንበኛን እግር ከመንካቷ በፊት መዳፎቿን አጋጥማ እጅ ትነሣለች። ሶንክሊን ለሰካራም፣ ለጎረምሳም እጅ ስትነሣ ኖራለች። ዛሬ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ምነው፣ ረሳሽው እንዴ?» አለች እትዬ ቻምኒያን።

«አልረሳሁም። ለእርስዎ እጅ አልነሣም። የቡዋላይ ልጅ ነኝ።»

አሮጊቷ ከወንበሩ ልትነሣ ሞከረች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። የማሳጅ ቤቱን ባለቤት ተጣራች፤ «ራት! ይቺን ጋጠወጥ አንሺልኝ!»

ራት ከጓዳ ብቅ አለች። «ሶንክሊን፣ በሞቴ፣ ደንበኛ አታባርሪብኝ።»

«ሐብሉ የት ተገኘ? እሱን ይበሉና እግርዎን አሻለሁ።»

«የምን ሐብል?»

«ለላማይ ይንገሯት። እሷ ለገበያው ታደርስልዎታለች።»

«እኔማ ሰምቼ ዝም ነው!» አለች ላማይ ወንበሯን እያስጠጋች።

ውሃው ቀዘቀዘ። ከወንበሩ ሊያነሣት ማንም እጁን አልዘረጋላትም።

«ይሁን፣ ይዘውት ይሙቱ» አለች ሶንክሊን። «በሚመጣው ሕይወትዎ የሰው ልብስ ሲያጥቡ እንገናኛለን።»

ሰው የበደለውን ዳግም ተወልዶ እንደሚከፍል የምታምነው እትዬ ፊቷ ተለዋወጠ። «አልጋዬ ሥር ነበር» አለች።

«አልሰማሁም።»

«አልጋዬ ሥር ነበር! እናትሽ አልወሰደችም!» ከዚያም መዳፎቿን አጋጥማ ወደ ግንባሯ አነሣች፤ በዕድሜ ልጇ ልትሆን ለምትችል ሴት።

«እጇን ያዢ! ቶሎ ያዢ!» ራት ጮኸች። «ትልቅ ሰው ለታናሹ እጅ ሲነሣ የታናሹ ዕድሜ ያጥራል!»

ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ እነዚያን እጆች ወደ ታች ይመልስ ነበር። ሶንክሊን አልነካቻቸውም። ወርደው እስኪያርፉ ድረስ ቀና ብላ ተቀበለቻቸው።

«ይጠር ዕድሜዬ» አለች።

ፎጣዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ የአሮጊቷን ቀኝ እግር አነሣች፤ አውራ ጣቷን ውስጥ እግሯ ላይ ተክላ ባላት ጉልበት ተጫነች። እትዬ ቻምኒያን ጮኸች። ላማይ ግን ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ወደ ገበያው እየሮጠች ነበር።