በወይራ የታጠነው የዓሣ ገንዳ

የቢሯችን ጽዳት ሠራተኛ ወለሉን በበረኪና ባሸች ቁጥር ሥራዬን ትቼ እወጣለሁ፤ ባልደረቦቼ አለርጂ ይመስላቸዋል። እኔን ግን ሽታው ደብረ ማርቆስ ይወስደኛል፣ እናቴ እጅጌዋን ጠቅልላ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ስትፈትግ ወዳየኋት ጓሯችን።

ገንዳው የታላቅ ወንድሜ የስሜነህ ነበር። ዓሦቹን ከአዲስ አበባ በላስቲክ ውኃ ይዞ፣ መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ያመጣቸው። ለዘመቻ ሲሄድ «እማዬ፣ ዓሦቼን አደራ» አላት እንጂ ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዓሣን ከድስት ውጭ አይታ የማታውቀው እናቴም በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፍርፋሪ እየበተነች ስለ ልጇ ታወራቸው ጀመር። ጎረቤቶች «ለወጥ የሚደርሱት መቼ ነው?» እያሉ ሲያሾፉባት ከልቧ ትቆጣ ነበር።

ክረምት ሲገባ የዓሦቹ አፍ ነጭ ነገር አወጣ፤ ክንፋቸው እየተበላ፣ ተራ በተራ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። በዚያው ሰሞን የስሜነህም ወሬ ጠፋ። እናቴ ሁለቱን ነገር አንድ አደረገችው፤ ማንም ሊለይላት አልቻለም። ከበሬና ከበቅሎ በቀር አክሞ የማያውቅ የእንስሳት ሐኪም ተለምኖ መጣና በሽታው ከባክቴሪያ መሆኑን ነገረን። የተረፈችውን አንዲት ቀይ ዓሣ በባልዲ ለይተን፣ ገንዳውን ከነጠጠሩ በበረኪና አጥበን፣ ደጋግመን አለቅልቀን ፀሐይ ላይ እንድናደርቀው አዘዘን።

አጠብን። የክረምት ፀሐይ ግን ከየት ይምጣ? ሽታው አልለቅ አለ፤ የባልዲዋም ዓሣ መድከም ጀመረች። እናቴ ገንዳውን አሥሬ እያሸተተች «ይኼ መርዝ ልጄን ይገድልብኛል!» አለች፤ ዓሣዋን ማለቷ ነበር። በእኛ አገር የወተት ዕቃ በወይራ ካልታጠነ ጠዳ አይባልም፤ እሷም የወይራ ስንጥር ለኩሳ ገንዳውን ጭሱ ላይ ደፋችው። መስታወቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። እናቴ ጭቃው ላይ ተቀምጣ እንደ ሐዘንተኛ ደረቷን መታች። ቀይዋ ዓሣ በማግስቱ ሞተች።

ስሜነህ ከዓመት በኋላ በሕይወት መጣ። እልልታው ሲበርድ እናቴ የምትለውን አዘጋጅታ፣ ገንዳው ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ ጠረጴዛ በቀሚሷ እየከለለች ዋለች። እሱ አይቶት አለፈ። ድሮ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለእኛ ሰላም ሳይል ወደ ዓሦቹ ይሮጥ የነበረው ልጅ፣ የቀረበለትን በላና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

«ምነው በተቆጣኝ!» አለችኝ እናቴ ጓዳ ገብታ፣ አፏን በነጠላዋ አፍና።

እስክትሞት ጥያቄውን ጠበቀች። አሁን በእሷ ቦታ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ስለ ዓሦቹ እስከ ዛሬ አልጠየቀም።