ቡሬዋና የስንዝር ክፍተት

ልደታ ባገባሁበት ግቢ አራት ላሞች ነበሩን። የማለቢያው ክፍል ከአንድ ላም በላይ ስለማይዝ የቀሩት ከጎኑ ባለችው ጠባብ የቆርቆሮ መጠለያ፣ እንደ ቀበሌ ሱቅ ሰልፈኛ፣ ተራቸውን ቆመው ይጠብቃሉ። የማልበው እኔ ነበርሁ፤ አዛዧ ግን አማቴ ነበሩ።

አማቴ ከቀበሌ ሊቀመንበር ይልቅ ብርድ ይፈሩ ነበር። አውቶቡስ ላይ ሰው መስኮት ከከፈተ ከመድረሻቸው በፊት ይወርዳሉ። ክረምት ሲገባም የመጠለያዋን ቀዳዳ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ይወትፋሉ። አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ቡሬዋ ላም ማሳል ጀመረች፤ ወተቷም ቀነሰ። እስከ ጳጉሜ ካልተሻላት ለዘመን መለወጫ እንዲወስዳት ለጌጃ ሰፈር ልኳንዳ ነጋዴ ነገሩት። ቡሬዋ ስትታለብ የማትራገጥ፣ ኮቴዬን ለይታ የምታውቅ ላም ነበረች። እንድትሄድ አልፈለግሁም።

ጠዋት ስገባ የሽንቱ ሽታ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ከጣሪያው ላሞቹ ጀርባ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። አማቴ ጣሪያው አፈሰሰ ብለው የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ ሬንጅ አስቀቡት። ባሰበት። ዝናብ ባልጣለበት ማለዳም ሲንጠባጠብ ሳይ ነገሩ ገባኝ። የላሞቹ ትንፋሽ መውጫ አጥቶ ቆርቆሮው ላይ ውሃ እየሆነ ነበር።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። አማቴ ለቅዳሴ እስኪሄዱ ጠብቄ፣ ከጣሪያው ሥር ዳር እስከ ዳር ስንዝር የሚያህል የግድግዳ ቆርቆሮ በግራም በቀኝም ነቀልሁ።

ሲመለሱ ቀና ብለው አዩ።

«ይህን ማን አፈረሰው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። አየር እንዲያገኙ ብዬ ነው።»

«ስለ ላም የተማርሽው ስንተኛ ክፍል ነው?»

«አሥረኛ።»

«እንግዲያው ስሚኝ፣ አሥረኛ። ቡሬዋን ብርድ ከገደላት ወተቱን የማልበው ካንቺ ነው።»

መልሰሽ ምቺው ግን አላሉኝም። እሳቸውም ይወዷት ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ጠብታው ቆመ።

«ሬንጁ ገና አሁን ያዘ» አሉ።

የቡሬዋ ሳል እየራቀ ሄደ፤ ጾሙ ሲፈታ ወተቷ ባልዲውን ከግማሽ አለፈ።

ጳጉሜ ላይ ነጋዴው ገመድ ይዞ መጣ። አማቴ በር ላይ ተቀበሉት።

«አንተ በግ ፈልግ» አሉት።

«ላሚቱን ውሰድ አላሉኝም እንዴ፣ እማማ?»

«አሟት መስሎኝ ነበር ያልሁህ። አፍነናት ኖሯል።»

ወደ እኔ ሳያዩ ነው ያሉት። ነጋዴው ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ኅዳር ላይ ውርጭ ሲመጣ ከረጢቱን ከላሞቹ ጀርባ ከፍታ በታች ብቻ ሰቀልን፤ ላዩን አልነካነውም። በበጋው ሙቀት ደግሞ በሩንም እንከፍተው ነበር። ቡሬዋ ከዚያ በኋላ እኛ ግቢ ሁለት ጊዜ ወለደች።